ለሠርግ ያላዋስኩት ድምፅ

በቢሉ መገንጠያ አቅራቢያ ባለ አንድ የሠርግ አዳራሽ ወጥ ቤት ውስጥ ሰላጣ አጣቢ ነኝ። ቅጠሉን አንድ በአንድ እገነጥላለሁ፣ ሳሙና በገባበት ውሃ እዘፈዝፋለሁ፣ አለቀልቃለሁ፣ ከዚያ ማሽጊያሁ ይመጣል። ማሽጊያህ የሚሉት ምግቡ በአይሁድ ሕግ መሠረት መዘጋጀቱን የሚቆጣጠረውን ሰው ነው። የእኛው ጺሙ ደረቱን የሸፈነ፣ ሳቅ የማይወድ ሰው ነው። ቅጠሉን ወደ መብራት አንሥቶ ትል ይፈልጋል፤ አንዲት ትል ካገኘ ሣጥኑ በሙሉ ተመልሶ ይታጠባል። ክርስቲያን መሆኔን ያውቃል፤ ነገር ግን ከትል በቀር ስለ ምንም ነገር አውርተን አናውቅም ነበር።

ስሠራ እዘምራለሁ። ለማንም ብዬ አይደለም፤ ውሃው ይወርዳል፣ እጄ ይሠራል፣ አፌ ደግሞ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይወድም። ጌታን ያገኘሁት ጎንደር ገና ልጃገረድ ሳለሁ ነው፤ መዘምራን ውስጥ ያደግሁ ነኝ። ባለቤቴ የቤተ እስራኤል ልጅ ነው። እሱን ተከትዬ፣ ሴት ልጃችንን አዝዬ ወደ እስራኤል መጣሁና ሬሆቮት ከተማ ቀረን። እሱ የአባቶቹን በዓል ያከብራል፣ የእኔን እምነት ደግሞ አይነካብኝም። «አንቺ ለሁለታችንም ጸልዪ» ብሎ ነገሩን ለእኔ ትቶልኛል። እኔም እንደ እኔ የሚያምኑ ጥቂት ቤተሰቦች አገኘሁና ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ ሽማግሌ ሳሎን እንሰበሰብ ጀመር። መዝሙር የማስዘምረው እኔ ነበርኩ።

ባለ ኦርጋኑ ወደ ሕይወቴ የገባው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። የእኛ አገር ሰዎች ሠርግ ላይ ኦርጋን እየተጫወተ የሚዘፍን፣ ስሙ ከሬሆቮት እስከ ሰሜን የሚታወቅ ጎልማሳ ነው። አዳራሹ ውስጥ ድምፅ ማጉያውን ሲተክል ቆይቶ፣ አብራው የምትዘፍነው ሴት ጉሮሮዋ ተዘግቶባት ኖሮ፣ ማርና ሎሚ ፍለጋ ወጥ ቤት ገባ። ሽቶው ቀድሞት ነው የደረሰው። ነጭ ጫማ ያለ ካልሲ ተጫምቷል፣ መስኮት እንኳ በሌለው ወጥ ቤት የፀሐይ መነጽሩን አናቱ ላይ ሰክቷል። በሩ ላይ ቆሞ ሲያዳምጠኝ ቆይቷል፤ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ስለነበር አላየሁትም።

«ማን ነው የዘፈነው?» አለ።

«የዘፈነ የለም» አልኩት። «የዘመርኩት እኔ ነኝ።»

«አንድ ነው እኮ።»

«አንድ አይደለም።»

ሳቀ። ጥርሱ እንደ አዲስ የሸክላ ሰሃን ያበራል። «አንቺ ሴት፣ ይህን ድምፅ ይዘሽ ለሰላጣ ነው የምታንጎራጉሪው?» አለኝ። በዕድሜ ታላቁ ነኝ፤ የጎንደር ልጅ እንደሆነም አነጋገሩ ይመሰክርበታል። አንቱታውን ግን ከሠርግ አዳራሹ በር ውጭ ጥሎት ገብቷል። ማርና ሎሚውን ሰጥቼ ሸኘሁት።

አልዋሽም፣ ደስ ብሎኛል። ሰላጣ ላጠበ ሰው ማንም አያጨበጭብለትም። ሙሽሮቹ ቅጠሉን በሹካ ገፋ አድርገው ሥጋው ላይ ነው የሚዘምቱት። እንደዚያ ባለ ቦታ ቆሞ «ድምፅሽ ያምራል» መባል ልብ ያሞቃል። ልቤ ሲሞቅ ደግሞ እጠራጠራለሁ፤ በሕይወቴ ልቤን በፍጥነት ያሞቀው ነገር ሁሉ ቀስ ብሎ ነው ያቃጠለኝ።

በሳምንቱ ቤቴ ድረስ መጣ። አድራሻችንን ከማን እንዳገኘው አልነገረኝም። ባለቤቴ ከሥራ ገብቶ እግሩን ዘርግቷል፤ ልጄ ያኔ ጸባ፣ ውትድርና ላይ፣ ነበረች፣ ለሰንበት ዕረፍት መጥታ የወታደር ልብሷን ማሽን ውስጥ ከትታ ስልኳን ትነካካለች። ባለ ኦርጋኑ ባለቤቴን «አባቴ» እያለ ጉልበቱን ሊስም ምንም አልቀረውም። ለእኔ አንድ ቀሚስ ይዞልኝ መጥቷል። ነጭ የአገር ልብስ ነው እንዳልል ጀርባ የለውም፤ ጥለቱ ወርቅ፣ ደረቱ ላይ የተሰፋው አብረቅራቂ ጠጠር ደግሞ ለገና ዛፍ የሚበቃ ነው።

«ይኸውልሽ» አለኝ፣ «አንቺ ሠርግ ላይ ስትቆሚ ምን እንደምትመስዪ አስቢው። ሰው የጎንደርን ድምፅ ተርቧል። እዚህ የተወለዱት ልጆች የሚዘፍኑት ግማሹ ዕብራይስጥ ነው። አንቺ እውነተኛው ነሽ።»

«ዘማሪ ነኝ» አልኩት።

«እኔም እኮ ዘማሪ ነበርኩ» አለና ስልኩን አውጥቶ የራሱን ዘፈን ከፈተልኝ። ሠርግ ቤቱን ሁሉ ያስጨፈረለት ዘፈን እሱ ነው አሉ። ሦስት አራት ስንኝ እንደሰማሁ ዜማው ታወቀኝ። በልጅነቴ ጎንደር፣ እያለቀስን እንዘምረው የነበረ መዝሙር ነው። የአምላክን ስም አውጥቶ «የኔ ማር» ከትቶበታል። «ምሕረትህ» በሚለው ቦታ ደግሞ «ወገብሽ» ገብቷል። ሰነፍ ስለሆነ የቀረውን እንዳለ ትቶታል፤ ስለዚህ ሰውየው በወገቧ ከጥፋት መዳኑን፣ ወገቧ በጨለማ እንዳበራለት፣ ወገቧ ለዘላለም እንደሚኖር በሙሉ ድምፁ ይመሰክራል።

«ይህን ዜማ ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«ከልጅነቴ። ዜማ እኮ የማንም አይደለም። ዋናው ልብ ነው።»

በዕድሜዬ እንደታዘብኩት፣ «ዋናው ልብ ነው» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ እጁን እንዳታይበት የሚፈልግ ሰው ነው። «አልዘፍንም» አልኩት፣ «ቀሚስህንም ይዘህ ሂድ።» ቀሚሱን ሶፋው ላይ ትቶ ተነሣ። «አስቢበት፣ አያስቸኩልም» እያለ ደረጃውን ወረደ።

ልጄ ከስልኳ ቀና አለች። «ኢማ፣ ማ ሃበዓያ?» አለችኝ፤ እማዬ፣ ምኑ ነው ችግሩ ማለቷ ነው። «ዘፈን ነው እኮ። ሰው አትገድዪም።»

«አንቺ ዝም በይ።»

«ቤሰደር፣ ቤሰደር»፣ እሺ እሺ፣ ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች።

ባለቤቴ አሰበና «እኔ አላዝሽም። ግን ሰላጣ ከማጠብ ይሻላል» አለ። እሱን አልፈርድበትም፤ ወገቤን ማታ ማታ የሚያሽልኝ እሱ ነው። እህቱ ግን በስልክ ስትሰማ ልታብድ ደረሰች። ልጇን ልትድር ሽር ጉድ የምትልበት ጊዜ ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» አለችኝ። ሹመቱ የቱ ነው ብዬ ብጠይቃት ወሬውን ወደ ድግሷ አዞረችው።

ቀሚሱ ሳሎን በር ላይ ተንጠልጥሎ ሰነበተ። አንድ ቀን ቤቱ ጭር ሲል ለካሁት። ልክ ነበር። ያናደደኝም ይኸው ልክ መሆኑ ነው። መስታወቱ ፊት ቆሜ አንዲት የማላውቃት፣ ጀርባዋ የበረዳት ሴት አየሁ፤ ሴትዮዋ ፊቷ ላይ የሚጨበጨብላት ዓይነት ፈገግታ ነበረ። ማንም ያጨበጨበ የለም እኮ። በልቧ አስጨብጭባ ጨርሳለች። አውልቄ አጣጠፍኩትና በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ ኦርጋኑ የሚቀመጥበት መቆሚያ ላይ ሰቅዬለት መጣሁ።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ተራ ፈተና ነበር፤ ዓለም ዓለም መሆኗን አሳየች፣ እኔም አልፈልግሽም አልኳት ብዬ እተወው ነበር። ዓለም ግን በፊት በር ስትባረር ተስፋ የምትቆርጥ አይደለችም፤ ዞራ በጸሎት ቤቱ በር ትገባለች።

የኅብረታችን ሽማግሌ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው፣ ከእኛ ብዙ ዓመት ቀድመው አገሩን የለመዱ ሰው ነበሩ። ሳሎናቸው ውስጥ ስንት ቅዳሜ ተንበርክከናል። እንደ አባት ነበር የማያቸው። ልባቸው ጥሩ ቢሆንም ስለ ሰው ኃጢአት ሲያስተምሩ ድምፃቸው ይወፍር ነበር። ከአንድ ወር በፊት አንዲት ወጣት ልጅ የአጎቷ ልጅ ሠርግ ላይ እስክስታ ወርዳ ተገኘች ተብሎ፣ በሁላችን ፊት አቁመው ይቅርታ ሲያስጠይቋት አይተናል። ልጅቷ እንባዋ እስኪወርድ ነው የተናገሯት። ዓለምና ክርስቲያን እንደ ዘይትና ውሃ ናቸው ብለው ያን ቀን ረጅም ትምህርት ሰጡ።

ስለዚህ በጸሎት እንዲያግዙኝ ብዬ አንድ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው ሻይ አቀረቡልኝ። ነገሩን ልጀምር አፌን ስከፍት «ሰምቻለሁ» አሉኝ።

«ከማን ሰሙ?»

«ከራሱ። መጥቶ አነጋግሮኛል። ጥሩ ልጅ ነው፤ ድሮ እኮ ዘማሪ ነበር።»

ሻዩን አስቀመጥኩት።

«ልጄ፣» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይህ ሳሎን ጠቦናል። ኢንዱስትሪው ሰፈር አንድ አዳራሽ አለ፤ ከጋራዡ ኋላ፣ ሰፊ ነው። ልጁ ሞንታርቦ አውሳችኋለሁ ብሏል፣ በኪራዩም አግዛለሁ ብሏል። አንቺ ለአንድ ዓመት ብቻ ከእሱ ጋር ብትሠሪ ነው። ከዚያ ትተዪዋለሽ። ጌታ በር ሲከፍት እግርን መሰብሰብ አይገባም።»

«ጋሼ፣ ባለፈው ወር ስለ ዘፈን ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም?»

«እሱ ለወጣቶቹ ነው።»

ይህን ሲሉ ትንሽም አላፈሩም። ከዚያ ከቃሉ ጥቅስ ይደረድሩልኝ ጀመር። ጥቅስ እንደ በርበሬ ነው፤ እጁ የለመደ ሰው ለየትኛውም ወጥ ይበትነዋል። ቅዱሳን በአሕዛብ ቤት አገልግለዋል አሉ። የአረማዊ ወርቅ ለእግዚአብሔር ቤት ውሏል አሉ። ሲጨርሱ ሻዬ በርዶ ነበር። ባለቤታቸው ከወጥ ቤት በር ላይ ሆነው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል፤ የሚያሳዝኑ ዓይኖች ነበሩ፣ ለእኔ ይዘኑ ለባላቸው አላወቅሁም።

«እጸልይበታለሁ» አልኳቸው። ለመውጣት ብቻ ያልኩት ነው። የሚጸለይበት ነገር አልነበረውም። ሰው ቤቱ ሲቃጠል ላጥፋው ወይስ ልተወው ብሎ አይጸልይም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስንሰበሰብ ሞንታርቦዎቹ ሳሎን ውስጥ ተተክለው አገኘኋቸው። ሁለት ጥቁር ነገሮች፣ እያንዳንዳቸው የልብስ ቁም ሣጥን የሚያክሉ፣ ለዚያች ለጠበበች ሳሎን። ሦስት ወንበር አስወጥተው ነው ቦታ ያገኙላቸው። የመጀመሪያው ወንበር ላይ ባለ ኦርጋኑ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል፤ ለአምልኮ ብሎ ይሆናል ካልሲ አድርጓል። አንዳንዶቹ እህቶች ሞንታርቦውን በእጃቸው ይዳስሱታል። እኒያው እህቶች የልጅቷ እስክስታ ላይ ከንፈራቸውን የመጠጡት ናቸው። በዕድሜ የገፉት፣ ጆሯቸው የደከመው እማማ ብቻ ናቸው ፊታቸውን አዙረው ወደ ግድግዳው የተቀመጡት።

ጋሼ ተነሡ። «እህታችን በር ተከፍቶላታል» አሉ። «ድምፅዋ ወደ ብዙ ሕዝብ ሊደርስ ነው። በእሷም በኩል ለኅብረታችን ሰፊ ቤት ሊሰጠን ነው። ዛሬ ባርከን እንልካታለን።» ሰው «አሜን» አለ። እኔን የጠየቀ አልነበረም። ባለ ኦርጋኑ ማይክሮፎን አቀበለኝ።

ተቀብዬ የማጥፊያ ቁልፉን ፈለግሁና አጠፋሁት። ከዚያ ተናገርኩ፤ ሳሎኗ ትንሽ ስለሆነች ያለ እሱም ይሰማል።

«እኔ ያንኳኳሁት በር የለም» አልኩ። «የተከፈተውም በር ወዴት እንደሚያስገባ አውቃለሁ፤ የዚያ ቤት ሰላጣ አጣቢ ነኝ። ይህ ወንድማችን የጌታን ስም ከመዝሙር አውጥቶ የሴት ወገብ ከትቶበታል። የሸጠውን ነገር በእኔ አፍ ሊሸጥ ነው የሚፈልገው። አላደርገውም። ሰፊ ቤት ከፈለጋችሁ እየተዛዘልን መስክ ላይ እንቀመጥ።»

ባለ ኦርጋኑ የተቀየመ አይመስልም፤ ሰዓቱን አየ። ነጋዴ ዋጋ ጠርቶ እንቢ ያለውን ሰው አይቀየምም፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። የተቀየሙት ጋሼ ናቸው። «ትዕቢት ነው» አሉ፣ «እግዚአብሔር የሰጠሽን ለራስሽ መያዝ ትዕቢት ነው።» አንዷ እህት «እውነት ነው» አለች። ሌላዋ «ቅናትም አለበት» አለች፤ በማን እንደምቀና ግን አልነገረችንም። ያን ቀን መዝሙር እንዳላስዘምር ተወሰነ። ወደ ኋላ ሄጄ እማማ አጠገብ ተቀመጥኩ። እማማ ጎንበስ ብለው «ምን አልሻቸው?» አሉኝ። «እንቢ አልኳቸው» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ እንዲሰሙኝ። «እሰይ» አሉ፣ እሳቸውም ጮክ ብለው።

የሚቀጥለውን ሳምንት ሥራ ላይ ዝም አልኩ። ማዘን ብቻ አልነበረም፤ ተናድጄም ነበር። ማሽጊያሁ ቅጠል ወደ መብራት አንሥቶ እያየ፣ ቀና ሳይል «ለምን ዝም አልሽ?» አለኝ በዕብራይስጥ። ለካ ይሰማኝ ነበር። እንዲሁ በጥቂቱ ነገርኩት። ሠርግ ላይ ዝፈኚ እንዳሉኝ፣ ለአምላኬ ብቻ እንደምዘምር፣ የገዛ ሰዎቼ እንደተቆጡኝ።

ቅጠሉን ገልብጦ አየ። «አንቺ በምታምኚው አላምንም» አለ። «ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ግን ሰው ለአምላኩ ብሎ አይሆንም ሲል ይገባኛል። እኔ ቀኑን ሙሉ ሌላ ሥራ የለኝም፤ አይሆንም እላለሁ፣ ሰው ይጠላኛል፣ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።» ከዚያ ቅጠሉን አሳየኝ። ትል ነበረበት። «ያላ፣ በይ፣ ሣጥኑን በሙሉ እንደገና» አለ።

ያን ሣጥን ደግሜ ሳጥብ ድምፄ ተመለሰ። የገዛ ወንድሞቼ ያልሰጡኝን አንዲት ቃል የሰጠኝ በእምነቴ የማያምን ሰው መሆኑ ሲያስቀኝም ሲያበግነኝም ዋለ።

ከዚያ የባለቤቴ እህት ልጅ ሠርግ ደረሰ። አርብ ቀትር ላይ ነበር፣ ሰንበት ሳይገባ እንዲያልቅ። አዳራሹ መዝከረት ባትያ ከምትባለው ትንሽ ከተማ መውጫ ላይ ያለ፣ ዛፍ የከበበው ቦታ ነው። ሙዚቃው የማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። ባለ ኦርጋኑ አጠገብ አንዲት ወጣት ያችን ጀርባ የሌላትን ቀሚስ ለብሳ ቆማለች። ከቀሚሱ ቀና ብዬ ፊቷን አየሁ፤ ጋሼ በእስክስታዋ ያስለቀሷት ልጅ ናት። እኔ እንቢ ያልኩትን እሷ እሺ ብላ፣ አሁን እሷ ናት ለኅብረቱ አዳራሽ መክፈቻ የሆነችው። ቀሚሱ ትከሻዋ ላይ ሰፍቷታል፣ በመርፌ ቁልፍ ይዘውላታል። በእሷ አልስቅም። ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ያው ሽማግሌ ስለ አንድ ነገር አንድ ጊዜ ረግሟት አንድ ጊዜ መርቋታል።

ጋሼም ተጠርተው ነበር። ጥግ ላይ፣ ጭፈራው በማይታይበት ቦታ፣ ጀርባቸውን ለመድረኩ ሰጥተው ተቀምጠዋል። እግራቸው ግን ከጠረጴዛው ሥር ምት ይመታ ነበር።

የወገቡ ዘፈን ተጀመረ። ሰው እየተንጋጋ ገባ። እኔ ሩዝ እየበላሁ ነበር። ባለ ኦርጋኑ በመሃል ሙዚቃውን ዝቅ አድርጎ «ዛሬ ከመካከላችን ትልቅ ድምፅ አለ!» አለና የእኔን ጠረጴዛ አሳየ። የሙሽራዋ እናት፣ የባለቤቴ እህት፣ እልል አለች። ሰው ማጨብጨብ ጀመረ። አንዱ ረዳቱ ማይክሮፎኑን አምጥቶ እጄ ውስጥ ሊያስጨብጠኝ ሞከረ። ሁሉም ያየኛል፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ሙሽሮቹ። የሙሽራዋ ዓይን ሲለምነኝ አየሁ፤ እሱ ነው ከሁሉ የከበደኝ። ባልወልዳትም አሳድጌአታለሁ፤ ቂርያት ቫይዝማን በሚባለው የሥራ ሰፈር የሚሠሩ ወላጆቿ ማታ እስኪገቡ እኔ ጋ ነበር የምትውለው። ለእሷ ስል እግሬ ሊነሣ ምንም አልቀረውም። ዜማውም ገና ሲጀምር ልቤን የሚበላ፣ የልጅነቴ ዜማ ነው። አፌን ብከፍት የድሮው ቃል ይወጣ ነበር ወይስ አዲሱ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ማይክሮፎኑን ሰላጣው ሰሃን አጠገብ አስቀመጥኩትና ሹካዬን አነሣሁ።

ጭብጨባው ቀስ እያለ ሞተ። ያኔ ባለቤቴ እጁን ዘርግቶ ማይክሮፎኑን አነሣ። ሰላጣ ከማጠብ ይሻላል ያለኝ ሰው ነው። ሊለምነኝ ነው ብዬ ወደ ሰሃኔ አቀረቀርኩ። እሱ ግን ጉሮሮውን ጠራርጎ «ሚስቴ ምሳ እየበላች ነው» አለ። ድምፁ በአዳራሹ ሁሉ አስተጋባ። «እሷ የምትዘምርለት ጌታ አላት። እኛ ጋ ለመጨፈር እናንተ ትበቃላችሁ። ልጃችንን እግዚአብሔር ይባርካት።» ማይክሮፎኑን ለረዳቱ መለሰና ሩዙን ጨልፎ ወደ እኔ ሰሃን ጨመረልኝ።

ሰው ሳቀ፣ ሙዚቃው ቀጠለ። የሙሽራዋ እናት ለረጅም ጊዜ አኩርፋኝ ነበር። ሙሽራዋ ግን ስትሰናበተኝ አቅፋኝ «እኔ ቤት መጥተሽ በራስሽ መዝሙር ትመርቂኛለሽ» አለችኝ። ሄጄ መረቅኋት። አማርኛ የማያውቀው ባሏ አንድም ቃል አልገባውም፤ ቁጭ ብሎ ሰማኝ።

ኅብረቱ ወደ ጋራዡ ኋላ ተዛወረ። እኔ አልሄድኩም፤ እማማ አንድ ጊዜ ሄደው አይተውት መጡ። ጭስ የሚተፋ ማሽን አለ አሉኝ፣ ሰማያዊና ቀይ መብራትም አለ። «ጆሮዬ በመድከሙ ጌታን ያመሰገንኩት ዛሬ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት እማማ ቤት እንሰበሰባለን፤ መጀመሪያ እሳቸውና እኔ፣ ኋላ ደግሞ ሁለት ሦስት ሴቶች ተጨመሩ። እማማ እንዲሰሙ ስለምጮህ ጎረቤቶቹ ሁሉ መዝሙሩን በቃላቸው ሳያውቁት አይቀሩም።

ባለ ኦርጋኑ ተቀጣ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። አልተቀጣም። ሠርጉ ሞልቶለታል፣ አዲስ መኪና ገዝቷል፣ አሁን ደግሞ ሌላ መዝሙር ወስዶ ለእናት አድርጎ ዘፍኖታል ይላሉ። ጫማው አሁንም ነጭ ነው። ታማኝነት የሚከፈለው እንደ ደመወዝ ነው ብለው የሚሰብኩ ሰዎች እስቲ እሱን ይዩና እኔን ይዩ። እሱ መኪና ላይ ነው፣ እኔ የአውቶቡስ መቆሚያ ላይ። በመጣሁበት አውቶቡስ የሚያፍር ፊት ግን የለኝም።

የኅብረቱ አዳራሽ ብዙ አልቆየም። በጋ ሲገባ ሠርግ በዛና ባለ ኦርጋኑ ሞንታርቦዎቹን ለሥራዬ እፈልጋቸዋለሁ ብሎ ወሰደ። ልጅቷ ሳምንቱን ሙሉ ሌሊት ሌሊት ስትዘፍን ስለምትሰነብት ቅዳሜ ጠዋት አትነቃም። ጭስ ማሽኑን ሊያዩ የመጡት ሌላ ጭስ ወዳለበት ሄዱ። ኪራዩን የሚያግዝ ጠፋና በሩ ተዘጋ።

ጋሼ እማማ ቤት የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። በሩን ከፍቼ ሳያቸው ብዙ ሸምግለው ነበር፤ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ብዙ የምላቸው ነገር አዘጋጅቼ ነበር፣ ስንት ሣጥን ሰላጣ ሳጥብ ያዘጋጀሁት። ደረጃው አድክሟቸው ትንፋሻቸው ይቆራረጣል።

«መግባት ይቻላል?» አሉ።

«የእማማ ቤት ነው» አልኩ። «እሳቸውን ይጠይቁ።»

እማማ ከውስጥ «ማን ነው?» አሉ። «ጋሼ ናቸው» ብዬ ጮህኩ። «ወንበር የለም፣ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጡ በያቸው» አሉ።

ተቀመጡ። በዚያ ቀን ስለ ምንም ነገር አላስተማሩም። ይቅርታ ጠየቁኝ፣ በጥቂት ቃል፤ እኔም ይቅር አልኳቸው። ንቀቴ ግን በአንድ ቀን አልለቀቀኝም፤ እስከ አሁንም ሲመጡ ገና ደረጃው ላይ ሳሉ አፌ ላይ የሚመጣውን ቃል ውጬ ነው በር የምከፍተው። ልጅቷን ግን በራሳቸው ፈቃድ ቤቷ ሄደው ይቅርታ እንደጠየቋት ሰማሁ። እሷ እንዳላስገባቻቸውም ሰማሁ። ያን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ አድርገው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው። «ልክ ናት» አልኳቸው። «አዎ፣ ልክ ናት» አሉኝ። ከዚያ እማማ ምን እንደተባለ ጠየቁ፣ እኔም ለእሳቸው ከመጀመሪያው ጀምሬ ጮክ ብዬ ደገምኩት፤ ጋሼም ቁጭ ብለው ሁሉንም ሁለተኛ ሰሙት።